የአራተኛው ሶኬት ረጅም ስም

ጥቅምት 12 ቀን

ለተወደድሽው የወንድሜ ልጅ፣

እንዴት ከርመሻል? ሥራው፣ ብርዱ፣ ያ ወለሉ ሲጢጥ ሲጢጥ የሚለው ቤትሽ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። ከወንበር ስነሳ ጉልበቴ ትንሽ ታጉረመርማለች እንጂ ለክፉ አትሰጥም። አባትሽም ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል። ሰላምታው በዚህ ይብቃና ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ዛሬ በኢሜይል የምጽፍልሽ ልከስሽ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ከውጭ አገር ስትመጪ ወርክሾፓችን ገብተሽ፣ ጣሪያ ድረስ የተደረደረውን የጄሶ ቅርጽ አይተሽ፣ «እቴቴ፣ ይኼ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል» አልሽኝ። ገባ። ሰው ሠራሽ እግር ስሠራ ያረጀሁት ሴትዮ በአንቺ ምክንያት አይጥ የምትባል ነገር ጨበጥኩ። ያ አንቺና ባልደረቦችሽ የምትንከባከቡት ፕሮግራም አንድ ሶኬት በለወጥኩ ቁጥር የቀድሞውንም ያስቀምጥልኛል። ሶኬት ማለት የተረፈው እግር የሚገባበት ማቀፊያ ነው፤ ስንቴ አስረድቼሽ ስንቴ ከመብራት ማብሪያ ጋር እንዳምታታሽው አልረሳሁም።

እንግዲህ ስሚኝ። አንድ ደንበኛ አለኝ። አሁን ያጠለቀው አምስተኛው ሶኬት ቆርቁሮ አቁስሎታል። አራተኛው ሰፋ ያለ ነበር፣ እንደ ካልሲ ነበር የሚገባለት። ሶኬቱን ራሱን አምስተኛውን ስንሠራ አፍርሰነዋል፤ ቅርጹ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነው። ማክሰኞ ኮምፒውተሩን «አራተኛውን አምጣ» አልኩት። አመጣ። ማሽኑ ቀርጾ ሲጨርስ ሜትሬን አውጥቼ ብለካው የሌላ ሰው እግር! የልብስ ሰፊዋ እግር ነው፤ እጄ ሳይቀር ያውቀዋል። ስክሪኑ ላይ የፋይሉን ስም ሳየው የሁለቱ ስም ተጣብቋል፤ በመሃል የማይነበብ ኮተት ገብቶበታል።

ሳልለካ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮስ? ደንበኛው ስኳር አለበት። ቁስሉ ትንሽ ናት፤ ግን ስኳር ላለበት እግር ትንሽ ቁስል የሚባል ነገር የለም። ሐኪሙ «ከሰፋ ጉልበቱንም እናጣዋለን» ብሏል። አዲስ ልኬት ልውሰድ ብል ቁስሉን መጫን አለብኝ፤ እሱ አይሆንም። አራተኛው ያስፈልገኛል። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ «ወደ ጄሶው እንመለስ» እያሉ ያጉተመትማሉ። እኔ ግን «የወንድሜ ልጅ የሠራችውን የወንድሜ ልጅ ታስተካክለዋለች» ብዬ ፎክሬልሻለሁ። እንዳታዋርጂኝ።

ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ፤ ትንሽ እንቅልፍም ይጨምርልሽ።

አክስትሽ

* * *

ጥቅምት 13 ቀን

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ፣

እንደምን አሉ? ጉልበትዎ ማጉረምረሟን እንድትተው ከዚህ ሆኜ ገሥጫታለሁ። ወለሉ አሁንም ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል፤ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ስገባ ስወጣ ያውቃሉ፣ ጠባቂ አያስፈልገኝም።

ክስዎን ተቀብያለሁ። መጀመሪያ ግን አይደንግጡ። የተቀመጠ ነገር አልጠፋም፤ ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ቅርጹ እንዳለ አለ። የተበላሸው ስም ማንበቡ ነው።

ፕሮግራማችን የተጻፈበት ቋንቋ አሮጌና ፈጣን ነው፤ ግን እንደ ልጅ በእጁ ተይዞ ካልተመራ መንገድ ይስታል። አንድ ጽሑፍ የት ላይ እንደሚያበቃ በራሱ አያውቅም። እኛ መጨረሻው ላይ አንድ ዜሮ እናኖርለታለን፤ ሲያነብ ሲያነብ ዜሮውን ሲያገኝ ያቆማል። ዜሮው ከሌለ አያቆምም። ግድግዳ የሌለው ቤት እንደመሆኑ ዝም ብሎ ጎረቤት ገብቶ የጎረቤቱን ያነባል። የእርስዎ ደንበኛ ስም አልቆ የልብስ ሰፊዋ ስም የቀጠለው፣ ቅርጹም የእሷ የሆነው እንደዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ዜሮው ለምን እንደጠፋ ለማወቅ የዚያን ፋይል ስም ይላኩልኝ። ይህን ክፍል ከብዙ ዓመት በፊት የጻፈው ባልደረባዬ (ሽማግሌው ነው የምንለው፣ ሲጠሩት ደስ ይለዋል) ጉዳዩን ስነግረው «የፋይሎቹን ስም ያሳጥሩ በያቸው፤ ያልቃል» አለኝ። እስከዚያው እንደሱ ቢያደርጉ ጥሩ ነው። ለምሳሌ ለደንበኞችዎ በስም ፋንታ ቁጥር ቢሰጧቸውስ?

አባባ እንዴት ናቸው? እሑድ ስደውል አዲስ ያሠሩትን በር በካሜራ ያሳዩኝ ብላቸው «ካሜራው ተበላሽቷል» አሉኝ። ከዚያ በፊትም ተበላሽቶ ነበር። ስልክ ልላክላቸው?

ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

* * *

ጥቅምት 15 ቀን

ለተወደድሽው የወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ባለፈው እንደጻፍኩት ነው፤ ጉልበቴም ተግሣጹን አልሰማችም።

ቁጥር አልሽኝ? ለዚያ ሽማግሌ ንገሪልኝ፦ እኔ ዘንድ ሰው ቁጥር የለውም። ድሮ ቁጥር ስንጠቀም የሰባትን እግር ለዘጠኝ ልንገጥም ለጥቂት ነው የተረፍነው። ሰባትና ዘጠኝ ምን ይለያቸዋል? ምንም። «ዳቦ ጋጋሪው ግራ እግር በመስኮታችን ሲያልፍ የሚያፏጨው» ብዬ ስጽፍ ግን ጠዋት የገባ አዲስ ሠራተኛ እንኳ አይስትም። ልብስ ሰፊዋም «ልብስ ሰፊዋ የማሽን ፔዳል የምትረግጥበት ቀኝ እግር ተረከዙ ከበድ ይበል ያለችው» ናት። ስሙን ሳነብ ሰውየው በሩ ላይ የቆመ ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ እጄ አይሳሳትም። ፕሮግራሙ ስም ከረዘመበት ፕሮግራሙ ይርዘም።

የጠየቅሽው ስም ይኸውልሽ፦

ቀኝ እግር ከጉልበት በታች አራተኛው ሶኬት ያልቆረቆረው አደራ እንዳይጠፋ

ቶሎ በይ እሺ? ቁስሉ እየደረቀ አይደለም። ሶኬቱን አስወልቄ በክራንች እንዲሄድ አድርጌዋለሁ። እሱ ደግሞ ክራንች ከያዘ እንደ ታሰረ ሰው ነው የሚነጫነጨው።

ስልክ አትላኪ። ስልኩ ደህና ነው።

አክስትሽ

* * *

ጥቅምት 17 ቀን

ለማከብርዎት አክስቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? መልስዎን ለሽማግሌው ቃል በቃል ተርጉሜ አነበብኩለት። ስለ ሰባትና ዘጠኝ ያሉትን ሲሰማ ሳቀ፤ «ይህችን ሴት እፈራታለሁ» አለ። እኔም እፈራዎታለሁ።

ከሥራ በኋላ ቁጭ ብዬ የላኩልኝን ስም ሞከርኩት። እቴቴ፣ ምንም አልሆነም። ስሙ ገባ፣ ወጣ፣ ዜሮውም በቦታው አለ። አሥር መንገድ ቀያይሬ ሞከርኩ፤ በአሥሩም ደህና ነው።

ደግሜ ኮዱን ሳነበው ምክንያቱ ግልጽ ሆነልኝ። ሽማግሌው ለእያንዳንዱ ስም ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ቦታ ያላት ክፍል ሠርቷል። በፈረንጆቹ ፊደል አንድ ፊደል አንድ ቦታ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው ክፍሉን ሞልቶት አያውቅም። የእኛ ፊደል ግን አንዱ ብቻውን ሦስት ቦታ ይይዛል። ሰማንያ ምናምን ፊደል ከጻፉ ክፍሉ ጢም ይላል፣ ለዜሮው መቀመጫ አይተርፍም፤ መገልበጫው ትእዛዝ ደግሞ የሞላውን ያህል ሞልቶ፣ ዜሮውን ሳያኖር፣ እንደጨረሰ ሰው እጁን አራግፎ ይሄዳል። ይህ ስሕተት የሚታየው በእኛ ፊደል፣ በእርስዎ ዓይነት ሰው እጅ ብቻ ነው። እንኳን ደስ ያለዎት።

ነገር ግን የላኩልኝ ስም የክፍሉን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በዚህ ስም ይኼ ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ የላኩልኝ ስም ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ስም አይደለም። አሳጥረውታል ወይም ከፊሉን ትተውታል።

ለምን እንደሆነ አልጠይቅም፤ የደንበኛ ምስጢር እንዳለ አውቃለሁ። ግን ሲሰበር ሳላይ ጠግኜዋለሁ ልል አልችልም። በግምት ጠግኜ ብልክልዎት፣ ደግሞ የሌላ ሰው እግር ቢወጣስ? እንዳለ ገልብጠው ይላኩልኝ። ለማንም አላሳይም።

አባባን ሰላም ይበሉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

* * *

ጥቅምት 26 ቀን

እቴቴ፣

ዝም አሉኝ። እርስዎ ደግሞ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። የደንበኛው ቁስል እንዴት ሆነ? እኔ ዝግጁ ነኝ፤ የቀረኝ ስሙ ብቻ ነው። እባክዎ።

የወንድምዎ ልጅ

* * *

ጥቅምት 28 ቀን

የወንድሜ ልጅ፣ የኔ ልጅ፣

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ስሙ እንዳለ ይኸውልሽ፦

የታላቅ ወንድሜ ቀኝ እግር ከጉልበት በታች አራተኛው ሶኬት ያልቆረቆረው አደራ እንዳይጠፋ ልጁ ሥራዋን ጥላ እንዳትመጣ አልሰማችም ደረጃ መውጣት ሲችል እሱ ራሱ ይነግራታል

አዎ፣ አባትሽ ነው። ስሙን ስጽፈው ለራሴ ነበር፤ ፋይሉን በከፈትኩ ቁጥር አፌን እንድጠብቅ። አንቺ ስትጠይቂኝ የአንቺን ነገር በሙሉ ቆርጬ ላክሁ። ምን ላድርግ? ቃል ገብቼለታለሁ።

ሁሉንም ልንገርሽ፣ ከእንግዲህ መደበቅ ምን ያደርጋል። ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ የእግሩ ጣት ላይ ቁስል ወጣ። የሹፌር ነገር፣ «ጫማ ነው የላጠኝ፣ ያልፋል» እያለ ደበቀን። ሆስፒታል ሲገባ ጣቱን አነሱ። ቀጥሎ ከጉልበት በታች። ያን ሁሉ ዘመን የአውቶቡስ ፍሬን የረገጠበትን እግር። አንድም ቀን ሰው ያልገጨበትን እግር። ሲነቃ መጀመሪያ ያለው «ልጅቷ እንዳትሰማ» ነው። «ከሰማች ሁሉን ጥላ ትመጣለች፤ መጥታ የምታየው ደግሞ አልጋ ላይ የወደቀ ሰው ነው። እግር ሥሪልኝ፣ የወርክሾፕሽን ደረጃ ልውጣ፣ ከዚያ ቆሜ እነግራታለሁ» አለኝ። ካሜራው የተበላሸው ያን ጊዜ ነው።

እኔም ሠራሁለት። ለሰው ሁሉ አንድ ሁለት ሙከራ ይበቃኛል፤ ለወንድሜ ግን አራት ጊዜ ቀረጽኩ። አራተኛው ልክ መጣ። እግሩ ሲቀጥን አምስተኛውን አጠበብኩት፤ እሱ ሳይናገር ችሎ ችሎ አቆሰለው። «ቆረቆረኝ» ማለት ምን ይከብደዋል? ለዚህ ሰው ይከብደዋል።

እነዚህ ቀናት ዝም ያልኩት ከራሴ ጋር እየተሟገትኩ ነው። በአንድ በኩል የገባሁለት ቃል፣ በሌላ በኩል ጉልበቱ። ዛሬ ጠዋት ቁስሉን ሳጥበው ጉልበቱ አሸነፈ። ቃሌን አፍርሻለሁ፤ እሱ ግን አያውቅም።

ተቆጪኝ፤ ይገባኛል። ከመቆጣትሽ በፊት ግን ፕሮግራሙን አስተካክዪ።

አክስትሽ

* * *

ጥቅምት 30 ቀን

ለአክስቴ፣

ተቆጥቻለሁ። ከማስተካከሌ በፊትም፣ እያስተካከልኩም፣ አሁንም ተቆጥቻለሁ። አባቴ እግራቸውን አጥተው ሳለ እኔ በር ያሳዩኝ እያልኩ ነበር። ይህን መቼ እንደምረሳው አላውቅም። ደብዳቤዎን ያነበብኩ ጠዋት ሻንጣዬን አውርጄ ከፍቼ ነበር። ከዚያ የፋይሉን ስም ደግሜ አነበብኩት፤ «እሱ ራሱ ይነግራታል» ይላል። ሻንጣውን ዘግቼ ወደ ኮምፒውተሬ ተመለስኩ። እዚያ መጥቼ ከማለቅስላቸው እዚህ ቁጭ ብዬ የምሠራው ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

ሙሉውን ስም ሳስገባው በመጀመሪያው ሙከራ ተሰበረ። ዜሮው የለም፤ ንባቡ እያለፈ ጎረቤት ገባ። ልክ እርስዎ እንዳሉት።

ሽማግሌው «የመጨረሻዋ ቦታ ላይ ዜሮ እናስቀምጥ፣ የተረፈውን እንቁረጠው» አለ። አንድ መስመር ሥራ ነው። እንደዚያ ቢሆን ንባቡ ይቆማል፣ እውነት ነው። ግን ሦስት ቦታ የሚይዘው ፊደል ወገቡ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። የባሰው ደግሞ እርስዎ መጀመሪያቸው አንድ ዓይነት፣ መጨረሻቸው የተለያየ ሁለት ስም ቢጽፉ፣ ሲቆረጡ አንድ ስም ሆነው አንዱ የሌላውን ቅርጽ ይሸፍነዋል። በዝምታ የተቆረጠ ነገር ምን እንደሚያደርግ ሰሞኑን በደንብ ስለገባኝ እንቢ አልኩት። ድምፄ ሳይቀር ከፍ ብሎ ነበር።

ስለዚህ እንደዚህ አደረግሁት። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ስሙን ይለካል፤ እርስዎ ሜትርዎን እንደሚያወጡት ማለት ነው። ለስሙ የሚበቃ ቦታ ያዘጋጃል፤ ለዜሮውም አንድ ይጨምራል። ዜሮው መኖሩን ሳያረጋግጥ ማንበብ አይጀምርም። ቦታ ማግኘት ካልቻለ ደግሞ ሥራውን አቁሞ በግልጽ ይናገራል፤ የሌላ ሰው እግር አያቀብልም። ያችን እጇን አራግፋ የምትሄድ ትእዛዝ በየጓዳው እየፈለግሁ ካለችበት ሁሉ አስወጣኋት።

ሽማግሌው ካነበበው በኋላ «ድሮ ስጽፈው ከዚህ የረዘመ ስም የሚጽፍ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለና ተቀበለው። ይህ ስሕተት ተመልሶ እንዳይመጣ ፕሮግራሙ በተለወጠ ቁጥር የሚፈተንበት ረጅም ስም ማስገባት ነበረብኝ። የአባባን ስም አላስገባሁም፤ እሱ የቤታችን ነው። የእኛን የደብዳቤ ሰላምታ ወሰድኩ፦ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ እንደምን ከረሙ እኔ ደህና ነኝ የእርስዎ ጤና እንዴት ነው ጉልበትዎስ እያልኩ ስቀጥል ያለ ምንም ችግር ክፍሉን ሞላው። ሽማግሌው ምን እንደሚል ጠይቆኝ ተረጎምኩለት። «መልእክቱ የት ላይ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። «ገና ነው» አልኩት።

የታደሰውን ፕሮግራም ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። አሮጌውን ያጥፉ፣ ይህንን ይጫኑ፣ ከዚያ አራተኛውን ይጥሩት። ይመጣል።

እሑድ እንደ ልማዴ ለአባባ ደወልኩ። ምንም አላልኩም። የበሩ ቀለም ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ «አረንጓዴ» አሉኝ። ድምፃቸው ደስ የሚል ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያለቀስኩት። ደረጃውን እስኪወጡ እጠብቃለሁ። ራሳቸው ይንገሩኝ። እርስዎ ግን የቁስሉን ነገር በየቀኑ ይጻፉልኝ፤ አሁን እኔም አውቃለሁና ቆርጠው አይላኩልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

* * *

ኅዳር 21 ቀን

ለተወደድሽው፣ ለተቆጣሽው፣ ግን ላላዋረድሽኝ የወንድሜ ልጅ፣

እንዴት ሰነበትሽ? በየቀኑ የምልክልሽ አጫጭር ወሬ ስለ ቁስል ብቻ ስለነበር ሰላምታ ተጠራቅሞብኛል፤ ዛሬ በአንድ ላይ ተቀበይው። ጉልበቴ ደህና ናት፣ ትንፋሼ ደህና ነው፣ ወርክሾፑ ደህና ነው። ስለ ጄሶ የሚያወራ ሰው የለም። አንዱ ወጣት አሁን ከእኔ ይብሳል፤ ትናንት ለአንድ ፋይል ያወጣውን ስም ለማንበብ ትንፋሽ መሰብሰብ ነበረብኝ።

ወደ ዋናው ልሂድ። አራተኛው በጠራሁት ጊዜ መጣ፤ ይህን በዕለቱ ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ ግን ሜትሬን ይዤ ከማሽኑ አጠገብ እንዴት እንደቆምኩ ነው። ባልደረቦቼ ሁሉ ሥራ አቁመው ያዩኛል። ከላይ ለካሁ፣ ከመሃል ለካሁ፣ ከታች ለካሁ። የወንድሜ እግር ነው። ሜትሩን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና «ወደ ሥራችሁ!» ብዬ ጮህኩባቸው፤ ካልጮህኩ ማልቀሴ ነበር።

ቁስሉ እስኪዘጋ አላስጠለቅሁትም። ተነጫነጨ፣ «እህቴ ሆነሽ ትራፊክ ፖሊስ ሆንሽብኝ» አለኝ፣ እኔም ንቅንቅ አላልኩም። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ አይቶ «ጉልበቱ ተርፏል» አለ። ከዚያ ወፍራም ካልሲ ደርበን አጠለቅንለት። ቆም ብሎ ክብደቱን ሲጥልበት ፊቱን ነበር የማየው፣ እግሩን አይደለም። «ቆረቆረህ?» አልኩት። «የለም» አለ። «እንደ በፊቱ ዋሽተኸኝ እንደሆነ!» አልኩት። «እውነቴን ነው፣ የለም» አለ።

ዛሬ ጠዋት የወርክሾፑን ደረጃ ወጣ። መደገፊያውን በግራ እጁ ይዞ፣ እያንዳንዱን ደረጃ እንደ ጠባብ ማዞሪያ ቀስ ብሎ እየወሰደ። እኔ ከኋላው እጄን ዘርግቼ ተከተልኩት፤ ሲያየኝ «ምን ትከተይኛለሽ፣ ተሳፋሪ ነሽ?» ብሎ አባረረኝ። ላይ ደርሶ ዞር አለ። እንደ ሹፌር ወደ ኋላ አየ፣ መንገዱ ባዶ መሆኑን አረጋገጠ፣ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና «አሁን ልጄን ልንገራት» አለ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ይኼ ሰው ያን ሁሉ ሕመም ሲችል ያልተንቀጠቀጠው ላንቺ ለመናገር ተንቀጠቀጠ።

ቅዳሜ ጠዋት ይደውልልሻል። እኔ ምንም እንዳልነገርኩሽ ነው የሚያውቀው፤ አንቺም አዲስ ነገር እንደሰማሽ ሁኚለት። መደንገጥ ካለብሽ ደንግጪ፣ መቆጣት ካማረሽ ተቆጪ፣ ግን እሱ ተናግሮ ሳይጨርስ አታቋርጪው። ብዙ ተለማምዶበታል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

የፋይሉን ስም እስካሁን አልቀየርኩትም። «አልሰማችም» የሚለውን ቅዳሜ ስታወሩ አጠፋዋለሁ።

በነገራችን ላይ የስልኩ ካሜራ ድንገት ድኗል። ራቅ አድርጌ እንድይዝለት አዞኛል፤ ቆሞ ነው የሚያዋራሽ።

አክስትሽ